የውበቱ ፊርማ

«ጾሙ እንዴት ይዞሻል፣ ታየች? መቼም አቧራው ባይኖር መንገዱስ ሸጋ ነበር...» አለች የብርጓል፣ ከየጁቤ ወደ ደብረ ማርቆስ በሚሄደው ሚኒባስ ከጎረቤቷ ጎን ተደላድላ።

ከፊታቸው ባለው ወንበር የተቀመጠው የማር ማኅበራቸው አማካሪ ነበር። ማሩ ውጭ አገር እንዲሸጥ «ኦርጋኒክ» የሚል ምስክር ወረቀት ላስገኝላችሁ ብሎ ዓመት ሙሉ ሲመክራቸው ከርሟል። ባለፈው ሳምንት ተቆጣጣሪ መጣ፤ ማሩን ቀምሶ አደነቀ፣ መዝገቡን ገልጦ ከለከላቸው። የብርጓል ሰውየው ሲሳፈር አይታዋለች፤ ሰላም ግን አላለችውም።

«እኔማ ሰው ሲታማ አልወድም። ያንን የመሰለ የተማረ ሰው! በየወሩ ቀፎ ለቀፎ እየዞረ መመዝገብ ነበረበት አሉ... ምን በወጣው? ንብ ትናደፋለች። ቢሮው ቁጭ ብሎ የሁላችንንም ቀፎ በአንድ ብዕር ጎበኘው። ከመማር መጠምጠም ይቅደም አይደል የሚባለው?»

ታየች ነጠላዋን አፏ ላይ ጣል አደረገች።

«ደግሞ ጻድቅ ነው እኮ፣ ሙት ያስነሣል! ውበቱ ባሌ በጥቅምት አረፈ፤ አንቺም ቀብረሽዋል... ታዲያ በጥር ተነሥቶ፣ ቀፎውን መርምሮ መዝገቡ ላይ ፈርሟል! አልዓዛር እንኳ ሲነሣ ፈረመ ሲሉ ሰምተሻል? በቁሙ በአውራ ጣቱ የሚያትም ሰው፣ አፈር ገብቶ ፊደል ቆጠረ። ተቆጣጣሪው 'ውበቱን ጥሩልኝ' ሲል ምን ልበለው? ወስጄ መቃብሩን አሳየሁት።»

ውበቱ መድኃኒት ከተረጨ ማሳ አጠገብ ቀፎ አላኖርም ብሎ ከገዛ ወንድሙ የተቀያየመ ሰው ነበር። የብርጓል ሳቅ አለች።

«ቅኔስ ቢሆን መች አቃተው? ሰሙን ለእኛ ትቶ፣ ወርቁን ለራሱ...»

«ወራጅ አለ!» አለ ሰውየው፣ ማርቆስ ገና ሳይታይ።

«ውይ፣ ሰውም እንዲህ ይወርዳል?... ነይ ታየች፣ ያንን ደግ ሰው እንመርቀው፤ ምርቃት የሚያምረው ባለቤቱ በሌለበት ነው።»

አንድ እግሩ መሬት፣ አንድ እግሩ መወጣጫው ላይ ነበር። የብርጓል ሁለት እጆቿን ዘረጋች።

«እግዜር ዕድሜ ከጤና ይስጠው። ልጆቹ ለወግ ለማዕረግ ይብቁለት... በሄዱበት ሁሉ፣ በክፉ ቀናቸው ሁሉ፣ ልክ እንደ አባታቸው ያለ አማካሪ አይጥፋባቸው።»