በመዝገብ ያልሞቱት ባል

አቶ ጠሀ ከሞቱ ስድስት ዓመት ሆናቸው፤ በወረዳው መዝገብ ግን እስከ ዛሬ አልሞቱም። እንዳይሞቱ ያደረጓቸው ሚስታቸው ወይዘሮ ዘሊካ ናቸው። የቀበሌ ቤቱ ውል በባላቸው ስም ስለሆነ፣ መሞታቸው ከተሰማ ቤቱን ይነጥቁኛል ብለው ፈሩ። ቀብረው መጡና ዝም አሉ፤ ኪራዩንም በሟቹ ስም መክፈል ቀጠሉ። እንዲህ ያደረጉት እሳቸው ብቻ አልነበሩም። የሌሎቹ ሰፈር ግን አልፈረሰም።

አሁን የእሳቸው ሊፈርስ ነው። ምትክ ቤት የሚሰጣቸው ተከራዮች ስም በወረዳው በር ላይ ተለጥፎ፣ ዘሊካ በካፊያ ውስጥ አንገታቸውን አስግገው ሲያዩ የጎረቤታቸው ልጅ ጀናን ከኋላቸው ደረሰች። ኮተቤ ተምራ የተመረቀች፣ ነገር ማድበስበስ የማይሆንላት ልጅ ናት።

«እትዬ ዘሊካ፣ አገኙት?»

«አገኘሁት። ጠሀ አለ።»

«ከስሙ ጎን ያለውንስ አይተዋል?»

«እሱ ደቃቅ ነው፤ ዓይኔ አይለየውም።»

«የቤተሰብ ብዛት፣ አንድ ይላል።»

ዘሊካ አልገባቸውም፤ ወይም እንዳልገባቸው ሆኑ። ጭቃውን እየመረጡ የፈረንሳይ ለጋሲዮንን ዳገት አብረው ወጡ። ከላይ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ በጉም ተውጧል።

ቤት ሲገቡ የሟቹ ወንድም አቶ ሙሐመድ የሟቹን ኮት ለብሰው ተቀምጠዋል።

«ይሄ ደግሞ ምንድነው ጋሼ?» አለች ጀናን።

«እመስለዋለሁ አይደል?» ኮሌታቸውን አስተካከሉ። «ተከራዩ ራሱ መታወቂያ ይዞ ይቅረብ ተብሏል። እቀርባለኋ!»

«አሻራ ሲጠይቁዎትስ?»

«ሽማግሌ ነው ብለው ያልፉኛል።»

«ያሳልፉዎታል፤ ወደ ፖሊስ ጣቢያ።»

«አንቺ ልጅ፣ ምላስሽ!» አሉ ዘሊካ። «ታዲያ ምን ላድርግ? ሞቷል ብል ያስወጡኛል።»

«ማን ነገረዎት?»

«ሰው ሁሉ የሚያወራው ነው።»

«ወረዳውንስ ጠይቀዋል? ማህደሬን አሳዩኝ ብለዋል?»

«በመንግሥት መዝገብ እኔ ምን አግብቶኝ?»

«የተጻፈው እኮ ስለ እርስዎ ቤት ነው! እኔ ከአባቴ ጋር ሄጄ የእኛን አስወጣሁ። ማመልከቻ ጻፍን፣ አመላለሱን፣ በመጨረሻ አሳዩን። የበላን ሰው የለም።»

ዘሊካ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ኪራይ ስከፍል ደረሰኙ ላይ ስሙ አለ። ሌላ የትም የለም። በገዛ አፌ ሞቷል ልበል?»

«ደረሰኝ ባል አይሆንም፣ እትዬ።»

ጀናን ይህን ያለችው ክፉ ሆና አይደለም። በማባበል የሚያልፍ ቀን እንደሌላቸው ስለምታውቅ ነው።

«ያ ‹አንድ› ምን ማለት ይመስልዎታል? ጋሽ ጠሀ ውሉን የፈረሙት እርስዎን ሳያገቡ ነው። ከዚያ ወዲህ ማንም ሄዶ አላስመዘገበዎትም። ወረዳው የሚያውቀው አንድ ሰው ነው፤ እሱም ከአፈር በታች ነው። በመዝገቡ እሳቸው አሉ፤ እርስዎ የሉም። ለሌለ ሰው ደግሞ ቤት አይሰጥም።»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድብ ጀመር። ዘሊካ የወለዱበትን፣ ባላቸውን ያስታመሙበትን ክፍል ዙሪያውን አዩ። ስድስት ዓመት የሞተውን ሲጠብቁ፣ ራሳቸውን የትም አላስጻፉም።

«ብናገር ይሰጡኛል?»

«አልዋሽዎትም፤ እንጃ። ስለዘገዩ ይቆጡዎታል፣ ያመላልሱዎታል። ግን የሞት ምስክር ወረቀትና የጋብቻ ማስረጃ ካለ፣ ውሉ ወደ ሚስት ሊዞር እንደሚችል ጠይቄ ነግረውኛል። የቀበራቸው እድር ይመሰክራል። በስምዎ ከዞረ ደግሞ ነገ ሌላ ነገር ቢመጣ ጠያቂዋ እርስዎ ነዎት፤ ልጅዎም ከእርስዎ ቀጥላ ትጠይቃለች። ማንም የሰው ኮት ለብሶ መንቀጥቀጥ የለበትም።»

«እኔ መች ተንቀጠቀጥኩ?» አሉ ሙሐመድ።

ዘሊካ እጃቸውን ዘረጉ። «የወንድምህን መታወቂያ አምጣ።»

«እስቲ ረጋ በይ፤ ዝናቡስ…»

«አምጣ አልኩህ። ጠሀ ሞቷል።»

ስድስት ዓመት አምነው ያልተናገሩት ቃል ነበር። ሙሐመድ መታወቂያውን ከኪሳቸው አውጥተው ሰጡ። ዘሊካ በሻርፓቸው ጫፍ ቋጠሩት፤ ማንንም ተከተሉኝ ሳይሉ ወደ ወረዳው ሊሄዱ ወጡና በሩን ከኋላቸው ዘጉት።