መድረክ ላይ የወጡት ሽማግሌዎች

በደርግ ጊዜ ናዝሬት ውስጥ የቀበሌያችን ኪነት ቡድን ተዋናይ ነበርኩ። ድራማውን የጻፈው ካድሬያችን ነው። እኔ የማኅበሩን ትራክተር መለዋወጫ የሚሰርቀውን አሻጥረኛ አሳድጄ የምይዝ ጀግና ነኝ፤ የገበሬው ልጅ የሆነችው አልማዝ ታግዘኛለች፤ በመካከላችን ሌላ ነገር የለም። ተመልካቹ ግን ለሌባው ደንታ አልነበረውም። እኔና አልማዝ ጎን ለጎን በቆምን ቁጥር አዳራሹ በፉጨት ይቀልጣል።

አንድ እሁድ ሌባውን ከመጋረጃው ጀርባ ከተደበቀበት ልይዘው ስል፣ ኦቦ ቱፋ የሚባሉ የሰፈራችን ትልቅ ሰው ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው መድረኩ ላይ ወጡ። የአልማዝን አባት ሆኖ የሚጫወተው ከበደ ፊት ቆሙና፣ «ልጅህን ለዚህ ጎበዝ ብለን መጥተናል» አሉት።

«ተቀመጡ እንጂ አባቶቼ» አለ ከበደ ግራ ተጋብቶ።

«ቃልህን ሳንሰማ አንቀመጥም።»

ካድሬው ከመጋረጃው ጥግ፣ አውርዳቸው እያለ በእጁ ይጠቅሰዋል። ከበደ ደግሞ ሽማግሌ የሚያባርር አንጀት የለውም። እኔም የእንጨት ጠመንጃዬን እንደያዝኩ፣ የእውነት ሚስት የተጠየቀልኝ ይመስል አንገቴን ደፋሁ።

«እንግዲህ ከዘመድ ልምከርበትና የዛሬ ሳምንት ተመለሱ» አለ ከበደ።

አዳራሹ በእልልታ ተናወጠ። ሰዉ ድራማው ያለቀ መስሎት እየሳቀ ወጣ። ያን ጊዜ ተረስቶ የቆየው አሻጥረኛችን የሰረቀውን ብረት እንደታቀፈ ከመጋረጃው ጀርባ ብቅ አለና፣ «ታዲያ እኔ ይሄን ተሸክሜ ሰርጉን ልጠብቅ ነው?» አለን።