እምቢታን የማያምን ደግነት

ባለፈው ጥር ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር ለመሄድ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ እስኪሞላ ድረስ መናኸሪያ ውስጥ አንድ ሰዓት ያህል አስጠበቀን። ያን ጊዜ ሹፌሩን በልቤ እረግመው ነበር፤ ዛሬ ግን ባመሰግነው ይሻላል እላለሁ።

ከጎኔ የተቀመጡት መሪጌታ ወልደአረጋይ የተባሉ የአንኮበር የቅኔ መምህር ናቸው። ከኋላችን ያለችው ልጃቸው ሰርካለም ደግሞ ቱሪዝም ተምራ በቅርቡ የተመረቀች ናት። ደብተሯን ከፍታ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ታጠናለች።

«መምህር፣» አሉኝ መሪጌታ፣ አስተማሪ መሆኔን ስነግራቸው። «እስቲ ይፍረዱን። ይህች ልጅ እስፓንኛ ካልተማርኩ ብላ እንቅልፍ አጥታለች። ለመሆኑ አንኮበር ላይ በእስፓንኛ የሚድር አለ ወይስ የሚያለቅስ?»

«አባባ፣ ሐሙስ አሥራ ሁለት እንግዶች ከእስፔን ይመጣሉ፤» አለች ሰርካለም በትሕትና። «የአስጎብኚ ማኅበራችን የአንኮበርን ጫካ እንዳሳያቸው መርጦኛል። እርስዎ ካልፈቀዱልኝ ግን አልሄድም፤ ሥራውም ለሌላ ይሰጣል።»

«አስተርጓሚ ይዘው አይመጡም?»

«ይመጣሉ፤ አንድ። እሱ ከፊት ሲሆን ከኋላ የቀረው ቢደክመው ወይም ቢታመም ለማን ይናገር? ውሃ፣ ደከመኝ፣ አመመኝ፣ ቀስ በሉ፤ ይህን ይህን ካወቅሁ ይበቃኛል። በቀን አምስት ቃል አጠናለሁ።»

«አምስት ቃል! እኔ ግእዝን ስማር አሥራ ዘጠኝ ዓመት ፈጅቶብኛል።»

«እርስዎማ የተማሩት ለቅኔ ነው። እኔ ቅኔ አልዘርፍበትም።»

«የሆነስ ሆነና፣ እንግዳ የሚቀበሉት በእጅ ነው እንጂ በአፍ አይደለም። ስታበይው ይገባዋል!»

እውነቱን ለመናገር እኔም ያን ጊዜ ወደ መሪጌታ አጋድዬ ነበር። ሃያ ዓመት እንግሊዝኛ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ፣ ከዚያ ወዲያ ያለው የፈረንጅ ቋንቋ ሁሉ ትርፍ ይመስለኝ ነበር።

በዚህ መካከል ስድሳ ዓመት ያለፋት አንዲት ፈረንጅ ገብታ ከመሪጌታ አጠገብ ባለው ባዶ ቦታ ተቀመጠች። መሪጌታ ደስ ብሏቸው ከመናኸሪያው የገዙትን ቆሎ ከነወረቀቱ ዘረጉላት። ሴትዮዋ ፈገግ ብላ እጇን ደረቷ ላይ አደረገችና «ኖ፣ ግራሲያስ» አለች።

«አፍራ ነው፤» አሉኝ መሪጌታ።

አልፈርድባቸውም። በአገራችን እንግዳ መጀመሪያ እምቢ ይላል፤ ጋባዡም አይሰማውም። አንድ ጊዜ እምቢ ስለተባለ የሚተው ጋባዥ ስስታም ይባላል። «አፈር ስሆን!» አሉና እፍኝ ሙሉ ዘግነው በእጇ አስጨበጧት። ሴትዮዋ ግን ወደ ኋላ ሸሸት ብላ «ኖ ፑዌዶ! ካካዌቴ!» እያለች ቆሎውን መለሰች። እኔም እንግሊዝኛዬን ይዤ ጣልቃ ገባሁ፤ ከሰላምታ ማለፍ አልቻልንም። ተሳፋሪው ደግሞ «ኧረ ይቅመሱ! የሽማግሌ እጅ አይመለስም!» እያለ ያዋክባታል። መሪጌታ «በሞቴ!» ብለው ሊያጎርሷት እጃቸውን ወደ አፏ ሰደዱ።

ሰርካለም ከኋላ ብድግ ብላ የአባቷን እጅ ለቀም አደረገችው። «ይተዉ፣ አባባ!»

ተሳፋሪው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። ልጅ የመሪጌታን እጅ በሰው ፊት ስትይዝ ማን አይቶ ያውቃል? እሷ ግን ወደ ሴትዮዋ ዞራ «ኬ ሌ ፓሳ?» አለቻት፤ ምን ሆኑ ማለቷ ነው። ሴትዮዋ ቀስ ብላ፣ በእጇም ጉሮሮዋን እያሳየች ነገረቻት።

«ካካዌቴ የሚሉት ለውዝ ነው፤» አለች ሰርካለም። «ቆሎው ውስጥ አለ። ለውዝ ከቀመሰች ጉሮሮዋ አብጦ መተንፈስ ያቅታታል።»

ሴትዮዋ ከቦርሳዋ የመድኃኒት መርፌ አውጥታ አሳየችን። መሪጌታ ቆሎውን ወረቀቱ ላይ መለሱት።

«በገዛ እጄ ልገድላት ነበር፤» አሉ።

«እርስዎ ክፉ አላሰቡም፣ አባባ። እኛ እምቢታን አናምንም፤ እነሱ ደግሞ እምቢ ካሉ እምቢ ነው። ‹ኖ ፑዌዶ› አልችልም ማለት ነው። ይህችን ባላጠና እኔም ‹ይቅመሱ› እያልኩ ከሰዉ ጋር እጮህ ነበር።»

እኔም አፍሬ «መሪጌታ፣ ይፍረዱን ብለውኝ ነበር፤ ልጅዎ ረታለች፤» አልኩ። «የዕለት ተዕለት ቃል የሚያጠና ሰው ሊቅ ልሁን ብሎ አይደለም። የታመመ ሲነግረው ይሰማል፣ መንገድ የጠፋውን ይመልሳል፣ በሥራውም እንጀራውን ያገኛል። ደግነታችን ብዙ ነው፤ የሰው ቃል ካልሰማ ግን ጉዳት ይሆናል።»

ሚኒባሱ ሞልቶ ተነሣንና መንገዱን አጋመስን። መሪጌታ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«ይቅርታ በእነሱ ምን ይባላል?»

«ሎ ሲየንቶ።»

ጥምጥማቸውን አስተካክለው ሁለት ጊዜ ተሳሳቱ፤ በሦስተኛው አሉት። ሴትዮዋ ሁለት እጃቸውን ይዛ ሳቀች፤ ዓይኗ ግን እንባ አቅርሮ ነበር።

«ሐሙስ ሂጂ፣ ልጄ፤ እግዚአብሔር ይከተልሽ፤» አሉ መሪጌታ። «ስትመለሱም እንግዶቹን ቤት አምጪያቸው። ከዚያ በፊት ግን ያንን ‹ኖ ፑዌዶ› ያልሽውን ለእናትሽ አስጠኚያት። እሷ ማጉረስ ከጀመረች ከእኔ ትብሳለች።»