በአንድ ገጽ ላይ ሁለት እጅ

ጸሐፊዋ ደረጃውን የምትወጣው እሳት ለብሳ እሳት ጎርሳ ነበር። በዚህ የውኃ መሥሪያ ቤት ውስጥ ጠጉሯ እስኪሸብት ሠርታለች። ከጽሕፈት መኪና ወደ ኮምፒዩተር ስትሻገር እንኳ አላጉረመረመችም። ዛሬ ጠዋት ግን ቢሮዋ ገብታ ኮምፒዩተሯን ብትከፍት መጻፊያው፣ ሠንጠረዡ፣ ኢሜይሉ፣ ሁሉም በአንድ ሌሊት መልካቸውን ለውጠው ጠበቋት። ምልክቶቹ ከነበሩበት ተነቅለው ሌላ ቦታ ተተክለዋል። ጽሑፍ የምታስቀምጥባትን ትንሽ ምልክት ፈልጋ ፈልጋ አጣቻት። ይባስ ብሎ ውኃ ለየሰፈሩ የሚለቀቅበትን የፈረቃ መርሐ ግብር ስትከፍት ገጹ በራሱ መጻፍ ጀመረ። እሷ ታጠፋለች፣ እሱ ይጽፋል። ከግድግዳው ወዲያ ደግሞ የፈረቃ ክፍሉ ኃላፊ ጠረጴዛውን በጡጫ ይደልቃል። እሱም እንደኔው ተቃጥሏል ማለት ነው፣ አለች በልቧ።

ትነሣለች፣ ትቀመጣለች፣ መስኮት ትከፍታለች፣ መልሳ ትዘጋለች። መርሐ ግብሩ እኩለ ቀን ሳይሞላ ለነዋሪው መለጠፍ አለበት፤ እሷ ገና አንድ መስመር አላቀናችም። በመጨረሻ ቆረጠች። ሥራ አስኪያጁን «መዝገብ ቤት መድቡኝ» ልትላቸው ነው። መዝገብ ቤት ኮምፒዩተር የለም፤ መደርደሪያና አቧራ ብቻ ነው። ወንበሯን ትታ መሄዷ እንደሚከብዳት ታውቃለች። ቢሆንም የወጣት መሳቂያ ከመሆን ይሻላል ብላለች።

ደረጃው መታጠፊያ ላይ ከኮምፒዩተር ባለሙያዋ ጋር ሊላተሙ ጥቂት ቀራቸው። ባለሙያዋ ገና ወጣት ናት። ላፕቶፕ በብብቷ ሸጉጣ፣ ስልኳ በእጇ እየጮኸ፣ ወደ ታች ትጣደፋለች።

«ይቅርታ እትዬ፣ አላየሁዎትም። ወዴት ነው እንዲህ?»

«ወደ አለቃችን። ልሰናበታችሁ ነው፣ ልጄ። መዝገብ ቤት ልወርድ ነው።»

«አለቃችንማ ስብሰባ ገብተዋል። ደግሞ ምን ሆነው ነው መዝገብ ቤት?»

«ምን ሆነው ትይኛለሽ? ሰው በሌለበት ቤቴ ገብታችሁ፣ ማንኪያውን ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ትራሱን ኩሽና ወስዳችሁ፣ ጠዋት ‹በይ ቁርስ ሥሪ› ነው ያላችሁኝ። አንቺ ብትሆኚ ምን ትያለሽ?»

«መልእክት እኮ ልከን ነበር፣ እትዬ።»

«በምን ላካችሁት?»

«በኢሜይል።»

«ኢሜይሉስ የታለ?»

ነገሩ ለባለሙያዋ ያኔ ገባት። ስለ ለውጡ የሚያስረዳው መልእክት ራሱ በተለወጠው ኢሜይል ውስጥ ተቀምጦ ነበርና ማንም አላገኘውም። ነገሩ ያስቃል፤ ግን የብዙ መሥሪያ ቤት በሽታ ነው። ወጣቶቻችን ማስታወቅን ከማስረዳት ጋር ያምታታሉ፤ ትልልቆቹ ደግሞ ያልተረዱትን ሁሉ ጠላት ያደርጉታል። በመካከል ሥራ ይቆማል።

«እሺ፣ ይሄስ የኛ ጥፋት ነው» አለች ባለሙያዋ፤ ስልኳ እንደገና ሲጮኽ አፈነችው። «ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎት። የፈረቃው መርሐ ግብር ከዚህ በፊት እንዴት ነበር የሚዘጋጀው?»

«እንዴት ይሆናል? ኃላፊው ይጽፍና በፍላሽ ያመጣልኛል። አቅንቼ እመልስለታለሁ። እሱ ደግሞ ሌላ ጨምሮበት ያመጣል።»

«ስሙን ምን ብላችሁ ታስቀምጡታላችሁ?»

«‹የመጨረሻ› ብለን ነዋ።»

«ከዚያ ሌላ ነገር ሲጨመርበትስ?»

«‹እውነተኛው የመጨረሻ›።» ጸሐፊዋ ትንሽ አመነታች። «ከዚያም ‹የመጨረሻው መጨረሻ›። ምን ያስቅሻል?»

«አልሳቅሁም። ባለፈው በጋ የተለጠፈው የትኛው ነበር?»

ጥያቄው ጸሐፊዋን ጠልቆ ነካት። ያኔ ከቅጂዎቹ አንዱ በሌላው ቦታ ሄዶ ተለጠፈ። የእሷ ሰፈር ሰው፣ ውኃ ይመጣል በተባለበት ቀን፣ ጀሪካኑን ደርድሮ እስኪመሽ ደረቅ ቧንቧ ሲጠብቅ ዋለ። ጎረቤቷ፣ መንታ ልጆች የምታሳድገዋ፣ አልተሳደበችም። «አንቺ የጻፍሽው ነው ብዬ እኮ ነው የጠበቅሁት» ብቻ አለቻት። ከዚያ ወዲህ ጎረቤቷ የፈረቃውን ቀን በጠየቀቻት ቁጥር ጸሐፊዋ ቀኑን ትነግራትና «ምናልባት» የምትል ቃል ትጨምርበታለች።

«እሱን አታንሺብኝ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ላሳዝንዎት ብዬ አይደለም። አዲሱ ፕሮግራም የመጣው እኮ ለዚሁ ነው። ግን አሁን ልሂድ፤ የፈረቃ ኃላፊው ‹የምጽፈውን የሚበላ ቫይረስ ገባ› ብለው ፋታ ነሥተውኛል።»

«የእሱስ መብላት ብቻ ነው። የኔው ነው የባሰበት፤ በራሱ ይጽፋል። እኔም ዝም አላልኩትም፣ እየተከታተልኩ ጥርግ አደርግለታለሁ።»

ባለሙያዋ አንድ እግሯን ደረጃው ላይ እንዳንጠለጠለች ቀረች።

«እትዬ፣ የከፈቱት የትኛውን ፋይል ነው?»

«የፈረቃውን ነዋ።»

«ይምጡ እስቲ» አለችና ክንዷን ይዛ ወደ ታች መለሰቻት።

ገጹ እንደተከፈተ ነበር። ሁለቱም ጎንበስ ብለው ሲያዩ፣ ፊደል በፊደል፣ አንድ መስመር ብቅ አለ። «ሐሙስ ጠዋት፦ የላይኛው ሰፈር።» የጸሐፊዋ ጣት በልማድ ወደ ማጥፊያዋ ሄደ።

«ያጥፉት» አለች ባለሙያዋ። «ግን ጆሮዎን ይስጡ።»

አጠፋችው። ከግድግዳው ወዲያ ድም አለ።

መስመሩ እንደገና ተጻፈ። እንደገና አጠፋችው። ድም። ከጡጫው ጋርም ረጅም ማጉረምረም ተሰማ።

ጸሐፊዋ ቀስ ብላ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ፊቷ መጀመሪያ ቀላ፣ ቀጥሎ አፏን በእጇ ያዘች። ጠዋቱን ሙሉ ስትታገል የቆየችው ከማሽን ጋር አልነበረም፤ ከብዙ ዘመን የሥራ ባልደረባዋ ጋር ነበር።

«ምን ይሻለኛል?» አለች። «እንዴት ብዬ ፊቱን አየዋለሁ?»

«እዚያው ገጹ ላይ ይጻፉላቸው፤ የሚጽፉትን እሳቸውም ያያሉ።»

ጸሐፊዋ ጻፈች። «ወንድሜ፣ ይቅርታ። የምትጽፈውን ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ጸሐፊዋ።»

ከግድግዳው ወዲያ ጡጫው ቆመ። ከዚያ ገጹ ላይ መልስ መጣ፦ «ጠዋቱን ሙሉ?»

«ጠዋቱን ሙሉ።»

«እኔ እኮ ጡረታ ልጠይቅ ነበር።»

«እኔም መዝገብ ቤት።»

ከግድግዳው ወዲያ የሳቅ ድምፅ ተሰማ፤ ጸሐፊዋም መቻል አቅቷት አብራው ሳቀች።

«አሁን እውነቱን ንገሪኝ» አለቻት ባለሙያዋን፣ ዓይኗን እየጠራረገች። «ያጠፋሁበት ሁሉ ጠፍቶ ቀረ ማለት ነው?»

«አልጠፋም። ማን ምን እንደጻፈ፣ ማን ምን እንዳጠፋ ገጹ ራሱ ይዞታል። ይኸውልዎት» ብላ ባለሙያዋ አንድ ቦታ ስትነካ የኃላፊው መስመሮች ተግተልትለው ተመለሱ። «የማስቀመጫዋ ምልክት የጠፋችውም ለዚሁ ነው። እየጻፉ ሳለ ይቀመጣል። ፍላሽ የለ፣ ‹እውነተኛው የመጨረሻ› የለ። ገጹ አንድ ነው፤ ሁላችሁም የምትጽፉት እሱው ላይ ነው፣ የሚለጠፈውም እሱው።»

«ይሄንን ጠዋት መጥተሽ ብትነግሪኝ ኖሮ ምን ነበረበት?»

«ምንም አልነበረበትም» አለች ባለሙያዋ፣ አንገቷን ደፍታ።

«እንግዲያው ሁለተኛ አንድ ነገር ከመለወጣችሁ በፊት በየክፍሉ በእግርሽ ትዞሪያለሽ። በኢሜይል አይደለም፣ በእግርሽ። ያኔ እኔም አብሬሽ እዞራለሁ፤ ከኔ አፍ ሲሰሙት እኩዮቼ አይደነግጡም።»

«ቃሌ ነው፣ እትዬ። መዝገብ ቤቱስ?»

«መዝገብ ቤቱ ይቆየኝ። በይ አሁን ዞር በይልኝ፣ ሰው ውኃ እየጠበቀ ነው።»

ከዚያ በኋላ አንዱ ጻፈ፣ አንዷ አቀናች። ኃላፊው የሰፈር ስም ሲገድፍ እሷ ታርማለች፣ እሷ ቀን ስታሳስት እሱ ያቀናል። መርሐ ግብሩ በሰዓቱ ተለጠፈ፣ እሱም ያለ ቅጂ፣ ያለ ምልልስ። የአዲስ ነገር ጥቅሙ ማማሩ አይደለም፤ ያማረ ነገር ሞልቷል። ጥቅሙ የሰውን ድካም ማቅለሉና ስሕተትን ማሳጠሩ ነው። ይህን ለማወቅ ደግሞ አዲሱን ከማባረር በፊት አጠገቡ ቁጭ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። አምጪውም በሩን አንኳኩቶ መግባት አለበት።

አመሻሹ ላይ ጸሐፊዋ ወደ ቤቷ ስትገባ ጎረቤቷ አንዱን መንታ አዝላ ደጃፏ ላይ ቆማ ነበር።

«የኛ ፈረቃ መቼ ሆነ?»

«ሐሙስ ጠዋት።»

ጎረቤቷ የለመደቻትን «ምናልባት» እየጠበቀች ዓይኗን ከጸሐፊዋ ላይ አላነሣችም።

«ሐሙስ ጠዋት» አለች ጸሐፊዋ ደግማ። ጎረቤቷ ጀሪካኖቿን ልታጥብ ወደ ጓሮ ገባች።