ፌስታል የታሰረበት ጠባቂ

ሽታ የሌለውን ገዳይ በአፍንጫዬ እጠብቃለሁ የሚል ሰው ቢገጥማችሁ ምን ትሉታላችሁ? እብድ? ቀስ በሉ! ምናልባት የምትሰድቡት የገዛ አለቃችሁን ይሆናል።

በቀደም ዝናብ አባርሮኝ አንድ የፍራፍሬ ማቀዝቀዣ መጋዘን ደጃፍ ተጠለልኩ። ወደ ምድር ቤት ከሚያወርደው የብረት በር አጠገብ አንድ ሽማግሌና አንዲት ወጣት ይከራከራሉ። ሽማግሌው የመጋዘኑ መካኒክ ናቸው፤ ጋዝ ሲያፈስ አሽትቼ አውቃለሁ ስለሚሉ ሰው ሁሉ «አፍንጬ» ይላቸዋል። ወጣቷ እዚያው መጋዘን ወለል የሚያጥበው የታናሽ ወንድማቸው ልጅ ናት። የማቀዝቀዣ ሙያ ተምራ ሌላ ድርጅት ውስጥ ትሠራለች። በእጇ እንደ እባብ የሚጣጠፍ አንገት ያለው ትንሽ የጋዝ ጠቋሚ ይዛለች።

«ጋሼ፣ አባዬ ሳምንቱን ሙሉ ራሱን እያዞረው ነው የሚገባው» አለች። «ትናንትና በሩን ተደግፎ ቀረ። የሚብስበት ደግሞ ከዚህ ምድር ቤት የወጣ ቀን ነው።»

«አባትሽን ከተወለደ ጀምሮ አውቀዋለሁ» አሉ ሽማግሌው። «መጥረጊያ ሲያይ ራሱን ያመዋል። ሲወለድም ደክሞት ነው የተወለደው።»

ልጅቷ አልሳቀችም። «የማቀዝቀዣው ሞተር ጋዝ ሽታ የለውም፣ ጋሼ። ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛል፤ አየሩን ገፍቶ ያስወጣል። ጎንበስ ብሎ የሚያጥበው ሰው ነው መጀመሪያ የሚታፈነው።»

«እኔ እዚህ ሞተር ላይ ነው ያረጀሁት፣ የኔ ምሁር! ሲያፈስ ዘይቱ ይሸተኛል። ካልሸተተኝ ሳሙና በጥብጬ እቀባለሁ፤ አረፋ ያወጣው ቦታ ያፈስሳል ማለት ነው። ባትሪ የሚበላ መጫወቻ ምን ያደርግልኛል?»

«ሳሙናው ጥሩ ነው፤ የት እንደሚቀቡ ካወቁ። መሣሪያው ሰፈሩን ያሳይዎታል፣ ሳሙናው ቤቱን።»

ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ። «እርስዎ ይፍረዱን፣ ጌታው። ጠዋት ይህንኑ ዕቃ ትታልኝ ሄዳ ነበር። ታች ወስጄ አበራሁት። ጠብ ጠብ ከማለት በቀር አንዴም ሳይጮህ ዋለ፤ መለስኩላት። ጋዝ ቢኖር አይጮህም ነበር?»

ልጅቷ ፊቷ ተለወጠ። «ታች ነው ያበሩት?»

«ታዲያ ገበያ መሐል ላብራው?»

«ጋሼ፣ ይህ መሣሪያ ሲበራ መጀመሪያ ያገኘውን አየር ‹ንጹሕ ማለት ይህ ነው› ብሎ ይይዛል። የሚጮኸው ከዚያ የባሰ ሲያጋጥመው ነው። ጋዝ ውስጥ ካበሩት ጋዙን ንጹሕ አየር ያደርገዋል። ጭስ ቤት ያደገ ሰው ጭስ ይሸተዋል እንዴ?» ድምፅዋ ቀጠነ። «ግድግዳው ላይ ያለው ትልቁስ? እሱ ለምን ዝም አለ?»

ሽማግሌው ወደ ጫማቸው አዩ። «እሱማ ሲጮህ ከረመ። ደንበኛ ያስደነግጣል ብሎ ሥራ አስኪያጁ ‹አፉን ዝጋልኝ› አለኝ። ፌስታል አሰርኩበት። ከዚያ ወዲህ ሰላም ነው።»

ሰላም! ውሻው ጮኸ ብሎ አፉን አስሮ፣ ሌባ ጠፋ ብሎ የሚተኛ ሰው ሰላም! በዚህ ዓይነቱ ሰላም ስንት መሥሪያ ቤት እንደሚኖር ሳስብ ደሜ ይፈላል። መሣሪያው በውድ ይገዛል፣ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፣ ለጎብኚ ይታያል፤ ሥራውን የጀመረ ዕለት ይታሰራል።

«አባዬ የት ነው?» አለች ልጅቷ።

«ታች፤ ወለሉን እያጠበ። ዝናብ እንዳይገባበት በሩን ዘጋሁለት።»

«ማራገቢያውስ?»

«በረደኝ ሲል አጠፋሁለት።»

የማራገቢያው ማብሪያ ከበሩ ውጭ ነበር። ቀድማ እሱን መታችው፤ ከዚያ በሩን በረገደችው። መሣሪያውን እኔ እጅ ላይ ጣለችው። «ጌታው፣ ከጣሪያው ጠርዝ ሥር፣ ነፋሱ ላይ ያብሩት! ውሃ እንዳይነካው! ጠብ ጠብ የሚል ድምፅ ሲይዝ ያምጡልኝ!» ወደ ታች ተጣራች፤ «አባዬ!»

የሚሰማው የውሃ ድምፅ ብቻ ነበር።

መሣሪያው ጠብ ጠብ ማለት ሲጀምር ሮጬ ሰጠኋት። በደረቷ ልክ ስትይዘው እንዳለ ቀጠለ። አንገቱን ወደ ደረጃው ዝቅ ስታደርገው ጮኸ፤ እንደተረገጠ ድመት ጮኸ።

ሽማግሌው «ወንድሜን!» ብለው ሊወርዱ ሲንደረደሩ ልጅቷ ካፖርታቸውን ጨምድዳ ያዘች።

«ልቀቂኝ! ወንድሜ ነው!»

«አባቴ ነው፣ ጋሼ! ከወረዱ ሁለት ሬሳ ነው የምናወጣው! ማራገቢያው ይሥራ!» እንባዋ ይወርዳል፤ እጇ ግን አልላላም። ድፍረት ማለት ይህ ነው፤ ዘሎ መግባትማ ማንን ያቅተዋል?

ያን ጊዜ ከታች የሰከረ የሚመስል ድምፅ መጣ። «መጣሁ... እግሬ እምቢ አለኝ።» ደረጃው ግርጌ ተቀምጦ ከደረጃው ራስ የወረደውን የውሃ ቱቦ እንደያዘ ነበር።

«ቱቦውን ወገብህ ላይ ጠምጥመው፣ አባዬ! ጠምጥመህ ያዝ!»

ሦስታችንም ቱቦውን ጎተትን። ሰውየው ደረጃውን በጉልበቱ እየዳኸ ወጣ። ዝናቡ ላይ አስቀመጥነው። አየሩን እንደ ውሃ ጠጣው። ትንፋሹ ሲመለስለት ወንድሙን ቀና ብሎ አየና «አሁንም ሰነፍ ነኝ?» አለ።

ሽማግሌው የወንድማቸውን ራስ አቅፈው ተንሰቀሰቁ።

ማራገቢያው አየሩን ሲያጠራው ልጅቷ መሣሪያውን ጉልበቷ ሥር ይዛ እየፈተሸች ወረደች፤ ሽማግሌው ተከተሏት። ፌስታሉን በገዛ እጃቸው ቀደዱት። የቀረው ጋዝ በቅቶት የግድግዳው ጠቋሚ መጮኽ ጀመረ። ወዲያው ከላይ ከቢሮው መስኮት የሥራ አስኪያጁ ድምፅ መጣ፤ «ደንበኛ ይዣለሁ! ያንን ነገር ዝጉት!»

«አልዘጋም!» አሉ ሽማግሌው። «ይጩህ!»

የልጅቷ መሣሪያ አንድ ቧንቧ አጠገብ ሲያብድ ሳሙናቸውን በጥብጠው ቀቡ፤ የቫልቩ አንገት አረፋ አወጣ። «ሰፈሩን አንቺ፣ ቤቱን እኔ» አሉ። ከዚያም እንደ ተማሪ ጠየቁ። ንጹሕ አየር ላይ ማብራትን፣ ጫፉን ከቧንቧው በታች ቀስ አድርጎ ማስኬድን፣ ዘይትና ውሃ አለማስነካትን፣ የቆሸሸ ማጣሪያ መለወጥን፣ ከሥራ በፊት ጥቂት ጋዝ በያዘው መሞከሪያ ጠርሙስ ማስጮኽን አንድ በአንድ አስደገሟት። «ለካ ይህም እንደ እኔ አፍንጫ ያረጃል?» አሉ። «ያረጃል፤ ልዩነቱ የእሱ ይለወጣል» አለቻቸው።

አሁን እዚያ መጋዘን ቫልቩ ጠብቋል፤ ጋዙ ቧንቧው ውስጥ ነው፤ ፍራፍሬው አይበሰብስም፤ ሞተሩ ያለ ዕረፍት አይጮህም፤ ሠራተኛው ራሱን ሳያዞረው ቤቱ ይገባል። ለዚህ ሁሉ የተከፈለው ዋጋ አንድ ፌስታል መቅደድ ነው።

ሽማግሌው ጥፋታቸውን በወንድማቸው ፊት አምነዋል። አንተስ፣ ሥራ አስኪያጁ? ከመስኮት ሆኖ መጮኽ መልስ አይደለም። ሠራተኞችህን ሰብስብ፤ ያ ወለል አጣቢ ከፊት ወንበር ይቀመጥ። ከዚያም በአደባባይ ንገረን፤ ጠባቂውን ያሳሰርከው ከማን ልትጠብቀን ነው?