ለሊሴና የሕንፃችን ሊፍቶች

ቅዳሜ ጠዋት ለቡ፣ የሕንፃችን በር ላይ ለሊሴን አገኘኋት። መካኒሳ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምሬያታለሁ። አሁን የሊፍት ኢንጂነር ናት። ሁለት ትንንሽ ሳጥን ይዛለች።

"ቲቸር፣ ሰብሳቢያችሁ አላስገባም አሉኝ።"

የነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢው ጋሽ ደምሰው ከኋላዋ ቆመዋል። ነገሩ ይሄ ነው። ሁለት ሊፍት አለን፤ የተለያየ ፋብሪካ ሥሪት። የአንዱ ጠጋኝ ሌላውን አይነካም። ባለፈው ሳምንት ሁለቱም ቆሙ። የጋሽ ደምሰው ባለቤት እትዬ ውዳሴ የኩላሊት እጥበት ነበራቸው፤ ከዘጠነኛ ፎቅ በወንበር ተሸክመን አወረድናቸው። ሊፍቶቹ ትናንት ተጠገኑ። ቀጣዩ የእጥበት ቀጠሮ ሰኞ ነው። ይህን ሁሉ ለለሊሴ ደውዬ ነግሬያት ነበር።

"ጋሼ፣ ሴንሰር ነው" አለች ለሊሴ። "ሊፍቱ ከመቆሙ በፊት ችግሩን በስልክ ይነግረናል።"

"ልጄ፣ ሠላሳ ዓመት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ መካኒክ ነበርኩ። ማሽን በጆሮዬ ነው የማውቀው።"

"ጆሮዎን አከብራለሁ። ቤትዎ ሲገቡስ ማን ያዳምጠው?"

"ሲበላሽ ይጠገናላ! ሳይታመም ሐኪም ቤት የሚሄድ አለ?"

"እትዬ ውዳሴ የሚታጠቡት ሲወድቁ ነው ወይስ በቀጠሮ?"

ደፋር ናት። ጋሽ ደምሰው አንዱን ሳጥን ተቀብለው አገላበጡት።

"እሺ፣ የሁለት ፋብሪካ ሊፍት ነው። የየራሳቸው ጠጋኞች ያልቻሉትን አንቺ በአንድ ዓይነት ሳጥን?"

"ሳጥኑ የሊፍቱን ኮምፒውተር አይነካም ጋሼ። የካቢኑ ጣራ ላይ ይለጠፋል። መንቀጥቀጡን ይለካል፣ የበሩን መከፈትና መዘጋት ይቆጥራል። ማንም ይሥራው፣ ሊፍት ሁሉ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ በር ይከፍታል።"

"ሞክሪው። ካልረባ ግን ነቅለሽ ትሄጃለሽ።"

ገጠመች። እኔ የፈተና ወረቀት እያረምኩ አጠገቧ ተቀመጥኩ። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ስልኳ ጮኸ።

"የግራው ሊፍት፣ ዘጠነኛ ፎቅ። በሩ ሊዘጋ ሃያ ጊዜ ሞክሮ አቃተው።"

በቀኙ ወጣን። የግራው በር መሃል ጡብ ተጋድሟል። ሞተሩ ያቃስታል። ጋሽ ደምሰው የጤፍ ጆንያ ወደ ቤታቸው ይጎትታሉ።

"እንዳይዘጋብኝ ነው" አሉ። "ሁላችንም እንደዚህ ነው የምናደርገው።"

እውነት ነው። እኔም አድርጌያለሁ።

"ጋሼ፣ ባለፈው ሳምንት የተቃጠለው የሁለቱም የበር ሞተር ነው። በምን እንደተቃጠለ ግን ማንም አላወቀም ነበር። ይኸው፣ በሩ ከጡብ ጋር ሲታገል ነው" አለች ለሊሴ።

ጡቡን አነሱ። የቤታቸውን በር አዩ።

"ለካ ውዳሴን በወንበር ያስወረድኳት እኔ ነኝ!"

እኔና ለሊሴ ጆንያውን ተጋግዘን አስገባንላቸው።

እሑድ ስብሰባ ጠሩ። ቆመው፣ "ጥፋቱ የኔ ነው፤ የናንተም ነው" አሉ። "ሳጥኖቹ ይቆያሉ። ጡብ ቀርቷል።"

"ጤፉን በምን እናውጣ ጋሼ?" አለ የሦስተኛ ፎቁ ቴዎ።

"አንተን የመሰለ ጎረምሳ የበሩን መክፈቻ ቁልፍ ተጭኖ ይቆምልናል!"

ሳቅን። እጅ አወጣን። አለቀ።

ሰኞ ጠዋት ለሊሴ ደወለች። የቀኙ ሊፍት መንቀጥቀጥ ጨምሯል፤ መጥታ ታየዋለች፤ እትዬ ውዳሴ በግራው ይውረዱ። ወረዱ፤ በእግራቸው ቆመው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው። ድሮ ቢሆን የምንሰማው ሊፍቱ ሰው ይዞ ሲቆም ነበር። ቀድሞ ማወቅ ጥቅሙ ይሄ ነው። ዕቃው ሳይቃጠል ይቀየራል፣ ሁለቱንም ሊፍት አንድ ባለሙያ ይከታተላል፣ በሽተኛ ፎቅ ላይ አይቀርም። ይህን ያደረገችው ደግሞ እዚሁ ከተማችን ያደገች ልጅ ናት። ኮራሁ፤ አልደብቅም።

በር ላይ የማዶው ሕንፃ ሰብሳቢ አቶ ኮርሳ ሰላም አሉን። ጋሽ ደምሰው ሰላምታውን እንኳ አላስጨረሷቸውም።

"ኮርሳ፣ ሊፍቶቻችሁ የስንት ፋብሪካ ናቸው?"

"የሦስት። ምነው?"

"ስልክህን አውጣ። የልጃችንን ቁጥር ልስጥህ።"