ለውዝ የገዛሁበት ምክንያት

ዛሬ እሑድ፣ ሴፕቴምበር 14 ነው። ልናገረው ወይስ ልተወው እያልኩ ከጠዋት ጀምሮ ሳመነታ ነበር። በየሰኞው የማመጣላችሁ ቅቅል ለውዝ ከደግነት የመጣ አይደለም።

ክቡራትና ክቡራን፤ ክሊዮን፣ አትሳቅ፣ ሳህን አጣቢም ክቡር ነው። ከቤተ ክርስቲያን የመጣው ሰው በልቶ ሲወጣ በሩን ዘግታችሁ ለእኔ መሰናበቻ ብላችሁ ስለተቀመጣችሁ አመሰግናለሁ። እግራችሁ እንዴት እንደደከመ አውቃለሁ። ሚስ ቨርኔል፣ የሙዝ ፑዲንጉን ደብቀው ስላቆዩልኝም አመሰግናለሁ።

የምግብ ቤታችን ጌታ ሚስተር ሃርላን፣ “ሦስት ቃል ብቻ ተናገሪ” ብለውኝ ነበር። ሦስቱንማ ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ፤ “ጎመን ወይስ ባሚያ?” እዚህ ስሠራ ከዚያ ያለፈ ብዙ የተናገርኩ አይመስለኝም። ስለዚህ ጽፌ መጣሁ። ቀና ሳልል ባነብ ይቅር በሉኝ።

ለምን ትሄጃለሽ ብላችሁ ጠይቃችሁኛል። የከፋኝ ነገር የለም። ብቻ እግሬ አንድ ቦታ አልቆም አለ። ከማካሮኒው ትሪ ጀርባ ቆሜ በመስኮቱ ሳይ የሕንፃ መሥሪያው ክሬን ይዞራል። የሚስ ቨርኔል እናት ዕድሜያቸውን የጨረሱበት የክር ፋብሪካ ዛሬ ጣሪያው ላይ መዋኛ ያለው አፓርታማ ሆኗል። ትናንት መሬት የነበረው ዛሬ መንገድ ነው፤ ትናንት መንገድ የነበረው ደግሞ ዛሬ ተቆፍሯል። ወረፋው ላይ በየሳምንቱ የማላውቀው ፊት አያለሁ።

ከኦሃዮ የመጡትን ሴትዮ ታስታውሳላችሁ? ማካሮኒ በቺዝ በምግብ ዝርዝሩ ላይ ከሥጋው ጋር ከሚመረጡት አትክልቶች መካከል ለምን እንደተጻፈ ጠየቁኝ። ሚስ ቨርኔል ከምድጃው ሳይዞሩ፣ “የኔ እመቤት፣ እዚህ አገር ማካሮኒ አትክልት ነው። ካልተስማማዎት ባቄላ አለ” አሏቸው። አሁን ሴትዮዋ በየሐሙሱ እየመጡ ማካሮኒውን እንደ ሁለት አትክልት አስቆጥረው ይበላሉ። እኚህ ሰው ያን ሁሉ መንገድ መጥተው ለመዱ። እኔ እዚሁ ተወልጄ የት ደረስኩ?

እንዲህ እያሰብኩ ነው ከአውሮፕላን ማረፊያው ማዶ ያለው ፋብሪካ ለሥራ ያመለከትኩት። ተቀበሉኝ። ነገ ጠዋት እጀምራለሁ፤ በመጀመሪያው ቀን ያረፈደ ተመልሶ እንዳይመጣ ብለውናል። አሮጌውን ድልድይ ሊያሰፉት ከዘጉት ጊዜ ጀምሮ ወደዚያ የሚወስደው ፈጣን መንገዱ ብቻ ነው። አውቶቡስም አይሄድም።

እኔ ደግሞ ፈጣን መንገዱ ላይ አንድም ቀን ነድቼ አላውቅም።

ይኸው ተናገርኩት። እናንተ የመኪና ቁልፍ ማንጠልጠያ ገዝታችሁልኛል፤ ክሊዮን “የመንገድ ንግሥት” ይለኛል። ንግሥቲቱ ግን ከከተማ ወጥታ አታውቅም።

የመጀመሪያውን የመንጃ ፈቃድ ፈተና እንዴት እንደወደቅኩ ነግሬያችኋለሁ። አራት መንገድ የሚገናኝበት ላይ፣ በአራቱም በኩል የቁም ምልክት ካለበት ቦታ ደረስኩ። ተራው የእኔ ነበር፤ ግን በግራ በኩል አንድ ሽማግሌ ስለነበሩ እጄን አንስቼ “ይለፉ” አልኳቸው። እሳቸውም “የለም፣ አንቺ እለፊ” አሉኝ። በቀኝ ያለችው ሴት ለሁለታችንም እጇን አነሳች። ከፊት ለፊት ያለውም ባርኔጣውን ነካ አድርጎ ቆመ። አራታችንም እየተግደረደርን ቆመን ቀረን። ከኋላ አንድ እንግዳ ክላክሱን ቢያስጮኸው ጊዜ ሁላችንም በአንድነት ዞረን አየነው። ፈታኙ ወረቀቱን አጠፈና፣ “እናትሽ በአስተዳደግሽ ልትኮራ ይገባታል፤ ፈተናውን ግን ወድቀሻል” አለኝ።

ያኔ እናንተ ስትስቁ ሚስተር ሃርላን በለሆሳስ፣ “እኔም እዚያው ነው የወደቅሁት” አሉ። የዚህ ከተማ ልጅ ሆኖ እዚያ ያልወደቀ ማን አለ?

በሁለተኛው አለፍኩ። ፈጣን መንገዱ ላይ ግን ለማን እጅ ይነሳል? ከአትላንታ የሚመጣው ተሳቢ መኪና “እባክሽ ግቢ” የሚልበት ጊዜ የለውም። የሚጋብዝ የለም፤ ሳይጋበዙ መግባት ነው። ሳልጋበዝ ገብቼ የማውቀው ነገር ደግሞ የለም።

እናም በየእሑዱ ማታ ልለማመድ እወጣለሁ። መግቢያው ጋ ስደርስ እጄ ራሱ መሪውን ያዞርና እዚያ ያለው ነዳጅ ማደያ ውስጥ እገኛለሁ። በባዶ እጅ መውጣት ስለሚያሳፍረኝ ቅቅል ለውዝ እገዛለሁ። ባለቤቱ ሚስተር ዴሳይ መጀመሪያ ሂሳቡን ብቻ ይቀበሉኝ ነበር። በኋላ ግን ገና በሩን ስገፋ ከረጢቱን እየሞሉ፣ “ዛሬም ለውዝ?” ይሉኛል። ባለፈው እሑድ፣ “ልጄ፣ ለውዙ ጥሩ መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን ወዴት መሄድ ፈልገሽ ነው?” አሉኝ። ከረጢቱን ተቀብዬ ወጣሁ።

ሰኞ ሰኞ ያን ለውዝ እዚህ ሳመጣው “እጇ የማይሰስት ልጅ” እያላችሁ ትመርቁኝ ነበር። በመረቃችሁኝ ቁጥር አንገቴን እደፋ ነበር። ዓይን አፋርነት ብቻ መስሏችሁ ይሆናል።

ሐሙስ ዕለት ባሚያ ስንከትፍ ለሚስ ቨርኔል ነገርኳቸው። ይስቁብኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ቢላዋውን አስቀመጡት። አሁን የምናገረውን በእሳቸው ፈቃድ ነው የምናገረው። ልጃቸው ከድልድዩ ማዶ አዲስ ቤት ገዝታለች፤ ሚስ ቨርኔል ግን ቤቱን እስከዛሬ አላዩትም። እሳቸውም ያን መንገድ ይፈሩታል።

“ዕድሜ ልኬን በጓሮ መንገድ ዞሬ ነው የምሄደው” አሉኝ። “ልጄ ልምጣና ልውሰድሽ ስትለኝ ጉልበቴን አመመኝ እላታለሁ። ድልድዩ ሲዘጋ መዞሪያም አጣሁ። አንቺ አትዙሪ።”

ያን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። እሳቸው የሚፈሩት ነገር አለ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

እንግዲህ ልጨርስ። ሚስተር ሃርላን፣ ወረፋዎ እስከ በሩ ይድረስ፤ ክሬኑም ይህን ቤት ይለፈው። ክሊዮን፣ የምታጥበው ሳህን ሁሉ ተልሶ ያለቀ ይሁንልህ። የመጣውም የነበረውም፣ በዚህ ከተማ መንገድ ላይ ያለ ሁሉ በሰላም ቤቱ ይግባ። ሚስ ቨርኔል፣ የባረከኝ አፍዎ አይድረቅ። የሚመጣው እሑድ ከሥራ ሲወጡ ሽርጥዎን ፈተው በሩ ላይ ይጠብቁኝ። ልጅዎ ቤት አደርስዎታለሁ።

ግን መጀመሪያ ነገ አለ። ነገ ሳይነጋ እነሳለሁ። መግቢያው ጋ ስደርስ ፍሬቻዬን አበራለሁ፣ ስፖኪዮውን አያለሁ፣ ነዳጁን እረግጣለሁ፤ ለማንም “ይለፉ” አልልም። እጄን የማነሳው መስኮታቸው ላይ ለሚቆሙት ለሚስተር ዴሳይ ብቻ ነው። ለእሳቸውም ሳልቆም ነው።